ድርጅቱ ቤት ይከራይላችኋል፤ ጎረቤትስ?

ውድ ወጣቶች፣

ከመካከላችሁ ጥሩ ደመወዝና የተሟላ የሥራ ፈቃድ ይዛችሁ ወደ ለንደን፣ ወደ ሲንጋፖር ወይም ወደ ኒው ዮርክ ለመሄድ የምትሰናዱ አላችሁ። እኔም በዚያ መንገድ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁና፣ ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ሰው ጥቂት ልበላችሁ።

ባዶ እጁን የተሰደደ ሰው ክፍል የሚያጋራው፣ ሥራ የሚጠቁመው፣ ልጁን የሚይዝለት ካላገኘ ኑሮው አይቆምም። ስለዚህ ይበደራል፣ ያበድራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ያንን ኑሮ ማሞገሴ አይደለም፤ ወዶ የሚገባበት የለም። ለእናንተ ግን ድርጅቱ ቤት ይከራያል፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ዕቃችሁንም ያጓጉዛል። ማንንም ሳታስቸግሩ ዓመቱ ያልፋል። ሰው አስቸግሮ የማያውቅን ሰው ደግሞ ሕንፃው ውስጥ የሚያውቀው የለም።

ሒሳቡን እዩት። አሜሪካዊው የኮሙኒኬሽን ምሁር ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ተራ ወዳጅነት 50 ሰዓት ያህል፣ የቅርብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ መሆንን እንደሚጠይቅ ገምተዋል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትገናኙ 200 ሰዓት የሚሞላው በሁለት ዓመት ገደማ ነው። የድርጅት ምደባም ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። ወዳጅነቱ ሊጠና ሲል አንዳችሁ ሻንጣ ትሸክፋላችሁ። በውጭ አገር ሠራተኞች ግብዣ ላይ «መቼ ነው የምትሄደው?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ የሚመጣውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ጠያቂው ልድከምለት ወይስ ይቅርብኝ እያለ ያሰላል።

ግብዣውን ተዉት አላልኩም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ቦስተን አጠገብ በሰው በኩል ሥራ ካገኙ ባለሙያዎች መካከል ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። ለሥራ የሩቅ ትውውቅ ይጠቅማል። እኩለ ሌሊት ላይ ሕመም ሲነሳባችሁ ግን ለዚያ ሰው አትደውሉም።

ፈቃዱም ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለባለሙያ ሠራተኞች የሚሰጠው የኤች-1ቢ ቪዛ ያለው ሰው ከሥራ ሲሰናበት ሌላ አሠሪ ለማግኘት ወይም ከአገር ለመውጣት የሚሰጠው ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ ሲንጋፖር ፈቃዱ ሲሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን። የምታውቁት ሰው ሁሉ የመሥሪያ ቤት ሰው ከሆነ፣ በዚያ ሰሞን የምትደውሉላቸው በሙሉ ያሰናበታችሁ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው።

የትዳር ጓደኛችሁን ነገር ደግሞ ቀላል አታድርጉት። ሲንጋፖር ከሜይ 2021 ወዲህ በትዳር ጓደኛው የሥራ ፈቃድ ሥር እንደ ቤተሰብ የገባ ሰው ለመሥራት የራሱን የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቤት የቀረው ነው ብዙ ጊዜ ከጎረቤት፣ ከተማሪ ወላጆች፣ ከሕንፃው ጥበቃ ጋር ቤተሰቡን የሚያስተዋውቀው፤ ለዚህ ድካም ደመወዝም ምስጋናም የለም። ቀጣዩን ዝውውር ከመፈረማችሁ በፊት መጀመሪያ እሱን ወይም እሷን ጠይቁ።

ስትደርሱ ማዕረጋችሁን የማይጠይቅ ነገር ፈልጋችሁ በየሳምንቱ ግቡ፤ መዝሙርም ይሁን ኳስ ወይም በጎ ፈቃድ። እንግሊዝኛ ቢያኗኑራችሁም የአገሩን ቋንቋ ተማሩ። ትርፍ ቁልፋችሁን ለጎረቤት ስጡ፣ ስትጓዙም አበባችሁን እንዲያጠጣላችሁ ለምኑት። በተራው እሱ ሲለምናችሁ፣ ሥራ በዝቶብኛል አትበሉ።