ምድር ቤት ውስጥ ቫርኒሽ ለምትቀቡ ልጆች

ብዙ ወጣቶች በቤታቸው ምድር ቤት እንጨት ሥራ ሲጀምሩ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። ግን መጋዝን የምትፈሩትን ያህል ቲነርን አትፈሩም። መጋዝ ጣት እንደሚቆርጥ ሁሉም ያውቃል። ቲነር ላይ ስንደርስ ግን "ይሸታል እንጂ ምን ያደርጋል?" ትላላችሁ።

መጀመሪያ አፍንጫችሁን አትመኑት። ቆርቆሮው ሲከፈት ሽታው ያፍናል፤ ትንሽ ከቆያችሁ በኋላ ምንም አይሸታችሁም። ትነቱ ስለወጣ አይደለም፣ አፍንጫ ስለለመደ ነው። ከውጭ የገባ ሰው "ኧረ ይሄ ቤት!" ካለ እሱን እመኑት፤ ጭንቅላታችሁ ከከበዳችሁ ወይም ካዞራችሁ ደግሞ ማንንም ሳትጠብቁ ውጡ።

የቲነርና የአሴቶን (እንደ ቲነር ቶሎ የሚተን ማሟሚያ) ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ላይ ይተኛል፤ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ደግሞ ጉድጓድ ውኃ እንደሚይዘው ይይዘዋል። እዚያው ክፍል የጋዝ ቦይለር (በጋዝ ነበልባል ውኃ የሚያሞቅ ማሽን) ካለ ነበልባሉ ከወለሉ ብዙም አይርቅም፣ አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳን ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። ስለዚህ ላከር (በቲነር የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቫርኒሽ) በኮምፕሬሰር መርጨት ምድር ቤት ውስጥ አይሞከርም። መስኮት ከፍቻለሁ፣ ማስክ አድርጌያለሁ ብሎ ነገር የለም። ተራ ቬንትሌተርም አያድናችሁም፤ ሞተሩ ራሱ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ዕቃውን ውጭ አውጥታችሁ እርጩ። ታች በብሩሽ የውኃ ቫርኒሽ (በቲነር ሳይሆን በውኃ የሚቀጥነውን) ቀቡ። የእሱ ትነት ያነሰ ነው፣ የለውም ማለት ግን አይደለም።

ለዚህኛው፣ ለውኃ ቫርኒሹ ሥራ ቬንትሌተሩን ወደ ውጭ እንዲነፍስ አድርጋችሁ መስኮት ላይ ግጠሙት። ዙሪያውን ያለውን ክፍተት በካርቶን ድፈኑ፤ አለበለዚያ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስበዋል። ክፍሉ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ቢሆን 50 ሜትር ኩብ ነው፤ በሰዓት 500 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ቬንትሌተር አየሩን በሰዓት 10 ጊዜ ይቀይረዋል ማለት ነው። በወረቀት ላይ። የሚገባ አየር ከሌለ ግን ቬንትሌተሩ በባዶ ይጮሃል እንጂ የሚያወጣው የለም፣ ይባስ ብሎም የቦይለሩን ጭስ በማውጫው በኩል ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጨርሶ አይሸትም። ጠቋሚ መሣሪያ ግጠሙ። ከተቃራኒ በኩልም ወደ ውጭ የሚከፈት በር ወይም መስኮት ክፈቱ፤ እናንተ ንጹሑ አየር በሚገባበት በኩል፣ የምትቀቡት ዕቃ ከእናንተና ከቬንትሌተሩ መሃል ይሁን።

ወደ ላይ የሚያወጣውን የደረጃ በር ግን ዝጉት። ከዚያ ቀጭን ሶፍት ቅደዱና በሩ ስር ባለው ክፍተት ላይ ያዙት። ወደ ምድር ቤቱ ካዘነበለ ደህና ነው። ወደ ሳሎኑ ካዘነበለ ላይ ያለው ቤተሰብ ቫርኒሽ እየተነፈሰ ነው። የሞቀ ቤት አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ የታችኛውንም ይዞት ይሄዳል። የተቀባው ዕቃ ሲደርቅም ይተናልና ብሩሹን ስታስቀምጡ ቬንትሌተሩን አታጥፉት።

የአቧራ ማስክ ትነት አያስቆምም። የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል፤ እሱም ክፍት ከተቀመጠ የአካባቢውን ትነት እየጠጣ ሳትጠቀሙበት ያልቃል፣ ስለዚህ በደንብ በሚከደን ዕቃ ውስጥ አኑሩት። ጢም ካላችሁ ማስኩ ፊት ላይ አይገጥምም (ይሄን ስናገር የሚቆጣኝ አይጠፋም)። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ተቀላቅሎበት የሚረጨውን ፖሊዩሬቴን የሚባል ቫርኒሽ ጭራሽ አትንኩት። ውስጡ ያለው አይሶሳይናይት የሚባል ኬሚካል እምብዛም ሳይሸት አስም ያስይዛል።

ጨርቁ ይቀራል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ተጨማዶ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው በእሳት ይያያዛል። እዚያው ታች አትተዉት። ውጭ አንድ በአንድ ዘርጉትና ድርቅ ብሎ ሲጠነክር ጣሉት፣ ወይም ውኃ የሞላ ክዳን ያለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት።