ደሴ ስትገቡ መጻሕፍት ቤት ሳትገቡ አትውጡ

ወሎዬ ወገኖቼ እንዴት ናችሁ? ለእንቁጣጣሽ ትኬት የቆረጣችሁ ብዙ ናችሁ ሲባል ሰማሁ፣ እኔም ከተሰደድኩ ጀምሮ እየተመላለስኩ ያየሁትን ልምከራችሁ ብዬ ነው። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ስንወርድ ሻንጣው ለዘመድ በተገዛ ጫማና ስልክ ሞልቶ ነው፣ ስንመለስ ደግሞ በርበሬና ሽሮ። በርበሬውስ ይሁን፣ ያለሱ አይሆንም፣ ግን ባካችሁ ደሴ ላይ ግማሽ ቀን ለመጻሕፍት ቤት ስጡ።

የደሴ መጻሕፍት ቤቶች ሰፋፊ አይደሉም፣ ብዙዎቹ ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጡ ነው መጽሐፍ የሚይዙት፣ ከደጅ ስታዩዋቸው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ መስሏችሁ ታልፋላችሁ። አትለፉ፣ ግቡና ባለሱቁን "የወሎ ነገር ምን አላችሁ?" በሉት። ከፊት የተደረደረው የተለመደው ልቦለድና የስኬት መጽሐፍ ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት ከኋላ ነው ያለው፣ ስለ ወሎው ንጉሥ ሚካኤልና ስለ ደሴ የተጻፈ፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተጻፈ፣ የመንዙማ ስብስብ ካለ ደግሞ ዋጋውን ሳትጠይቁ ያዙ እላለሁ። የወሎ ሼኾች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ፣ ዐጀም የሚሉትን ማለት ነው፣ ስንት ግጥም አቆይተውልናል መሰላችሁ! ክርስቲያኑም እስላሙም ቤት ሊኖር የሚገባው ነገር ነው።

አሁን ልቤን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ ስካን ተደርጎ የሚለቀቀውን መጽሐፍ እየተቀባበልን "አነበብኩት" ማለት ለምደናል፣ ደራሲው ግን ከዚያ አንዲት ብር አያገኝም። እኛ አገር መጽሐፍ የሚታተመው በትንሽ ቁጥር ነው፣ ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ተበድሮ ነው የሚያሳትመው፣ የመጀመሪያው እትም ካልተሸጠ ሁለተኛ የለም፣ አለቀ። የኋላ ሽፋኑን ገልብጣችሁ ብታዩ ብዙዎቹ ላይ የአገር ውስጡ ዋጋ በብር፣ የውጭው በዶላር ተጽፏል። ደሴ ላይ በብሩ ዋጋ ነው የምትገዙት፣ ስለዚህ መጽሐፍ ላይ አትከራከሩ ባካችሁ፣ ወረቀት በተወደደበት ዘመን ባለሱቁ ከዚያች ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ስንት ሱቅ ተዘርፎ እንደገና ከዜሮ እንደተነሳ ደግሞ ታውቃላችሁ። የውጭ ገንዘባችሁን ባንክ መንዝሩ፣ ጥሬ ብር መያዝ ካልፈለጋችሁ ወንድም እህት በቴሌብር ይክፈልላችሁ።

ልብስ ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። አሁን ገበያው ጥለት በታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ተጥለቅልቋል፣ ከሩቅ ሲታይ ያምራል፣ ፎቶ ላይም ልዩነቱ አይታወቅም። ጥለቱን ገልብጡት! የታተመ ከሆነ ጀርባው ነጣ ወይም ደብዘዝ ይላል፣ በሸማኔ እጅ የተሠራ ከሆነ ግን ክሩ ከኋላም አለ፣ ማጉ ሲመላለስ ታዩታላችሁ፣ ዳሩ ላይ ትንሽ መዛነፍ ይኖረዋል፣ ጣታችሁን ብታሳልፉበት ጥለቱ ከጨርቁ ከፍ ብሎ ይሰማችኋል። ከተቻለ ሸማኔው ጋ ሄዳችሁ እዘዙ፣ ቀለሙን ራሳችሁ ምረጡ፣ ግን ለመሄጃችሁ ሁለት ቀን ሲቀር አይደለም፣ እንደገባችሁ ነው ማዘዝ ያለባችሁ። ልጆቹ ባቲን በዘፈን ብቻ የሚያውቋት ከሆነ መንገዱን ጠይቁና ሰኞ ገበያዋን ውሰዷቸው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ላይ ሲገበያይ ይዩ፣ የመሶብ ስፌቱንም ከሰፊዋ እጅ ይግዙ፣ ሞል ውስጥ ያላዩትን ቀለም ያያሉ።

አንድ ነገር ግን እንዳትነኩ፣ ላሊበላም ይሁን ሌላ ቦታ "የጥንት ብራና ነው" ብሎ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ እለፉት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ 209/1992 የተከለከለ ነው፣ አዲስ የተጻፈ እንኳ ቢሆን የቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ከሌለው ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ሊያስቀራችሁ ይችላል፣ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጎድሎ ነው የመጣው።

መጽሐፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ አንድ ሻንጣ ውስጥ አታጭቁት፣ ለሁለቱ አካፍሉት፣ ከታች ከጎማው በኩል አድርጋችሁ ጋቢውን ከላይ ጠቅልሉበት፣ ቤት ሳላችሁ መዝኑት፣ ትኬታችሁ 23 ኪሎ ካለ 22 ላይ አቁሙ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ሱቆቹ ደብተር በሚገዛ ወላጅ ይጨናነቃሉና በጠዋት ሂዱ፣ ባለሱቁ ያን ሰዓት ነው ከኋላ ያለውን እያወረደ ሊያሳያችሁ ጊዜ የሚኖረው።