የማሽን ክፍል በር ላይ ስፖንጅ ልለጥፍ ወይ ላልሽው እህቴ

ጓዳ ውስጥ ያለው ማሽን ልጆቼን አላስተኛ አለ፤ በሩ ላይ ስፖንጅ ብለጥፍ ይበቃል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አይበቃም። ይህን የምልሽ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ሶፋ እየሠራሁ ከስፖንጅ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ስፖንጅ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ወደ ውጭ የሚያልፈውን አያግድም። የሚያግደው ክብደትና የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ማሽንሽ ምን እንደሆነ አልጻፍሽም፤ እንደ እኔው ኮምፕረሰር (የአየር መጭመቂያ) ነው ብዬ ልቀጥል። ጄኔሬተር ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዪውና ዛሬውኑ ከቤት አውጪው፤ ጭሱ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

1. መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልጊ። ማታ የክፍሉን መብራት አብርተሽ በሩን ዝጊና ከውጭ በጨለማ ተመልከቺ፤ ብርሃን በወጣበት ሁሉ ድምፅም ይወጣል። በርሽ 2 ሜትር ቁመትና 80 ሳንቲሜትር ስፋት አለው እንበል። ከሥሩ 2 ሳንቲሜትር ክፍት ከሆነ፣ ያ ክፍተት ብቻውን የበሩ አንድ መቶኛ ነው፤ የቀረው በር የቱንም ያህል ቢወፍር የሚቀንሰው ድምፅ ከ20 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ብዙም አይዘልም። ከበሩ በላይ ያለውን ወንፊት የለበሰ የአየር መግቢያም እዪ።

2. ብረት ሠሪሽን ምረጪ። እኔ ያዘዝኩት ወፍራም ላሜራ፣ ውስጡ የተሞላ፣ ሥሩ ደፉ ላይ የሚገጥም በር ነበር። ግማሹን ቀብድ ተቀበለ። ያመጣው ግን በጣት ሲነኩት እንደ ድስት ክዳን የሚጮህ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ባዶ በር ነው። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ በሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ አሮጌው የእንጨት በር ስንት ጊዜ ይሻል ነበር! ምነው ብለው «የከፈልከኝ ለላሜራ ነው፤ ለዝምታ አልከፈልከኝም» አለኝ። አቤት ልል ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ደረሰኝ» አለ። ከሰፈር ብረት ሠሪ ጋር በቀብድ የተዋዋለ ሰው ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ምስክር አለኝ ስለው «ምስክር ለፍርድ ቤት ነው» ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። ስለዚህ የላሜራውን ውፍረት በሚሊሜትር፣ የሥሩንም ክፍተት ጽፈሽ አስፈርሚው። ቀሪውን ገንዘብ በሩ ተገጥሞ፣ ማሽኑ እየሠራ፣ በጆሮሽ ሰምተሽ ክፈዪ።

ያንን በር ግን አልጣልኩትም፤ በገዛ እጄ አዳንኩት። ጎረቤቴ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሙላበት ብሎኝ ነበር። ሳሰላው 4 ሳንቲሜትር ባዶ ውስጥ ያለው በር 100 ኪሎ ያህል አሸዋ ይወስዳል፤ ማጠፊያውን ገንጥሎ ሰው ላይ ይወድቃል። በምትኩ በማሽኑ በኩል ባለው ፊት 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) አለበስኩት፤ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። በላሜራውና በእንጨቱ መካከል ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ የቆረጥኩትን አነጠፍኩ፤ ላሜራው መንቀጥቀጡን ያኔ ተወ። የበር ክብደት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚቀንሰው ቢበዛ ወደ 6 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ግማሽ ቀነሰ የሚለው ደግሞ 10 አካባቢ ሲቀንስ ነው። ለዚህ ነው ቀዳዳውን አስቀድሚ የምልሽ። ዙሪያውን ከመለዋወጫ ሱቅ የተገዛ የመኪና በር ጎማ ለጠፍኩ፤ የሥሩንም ደፍ በሲሚንቶ አነሣሁት። ጎማው መጫኑን ለማወቅ ወረቀት አስገብተሽ በሩን ዝጊና ሳቢው፤ ሾልኮ ከወጣ ገና ነው።

ሙቀቱስ? የአየር መግቢያውን ደፍነሽ ብትተዪው በእኛ ከተማ ፀሐይ ማሽኑ ግሎ ራሱን ያጠፋል። ስፖንጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከቺፕውድ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ የአየር መተላለፊያ አሠሪና ውስጡን ስፖንጅ ልበጪው፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱም ወደ ግቢው በኩል። አየሩ ዞሮ ያልፋል፤ ድምፁ በየመታጠፊያው ይደክማል። ስፖንጅ እሳት ቶሎ ስለሚይዝ ከሚግል ነገር አርቂው።

3. ኮርኒሱን አትርሺ። በብዙ ቤቶቻችን የክፍል ግድግዳ ኮርኒስ ላይ ያበቃል፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለው ባዶ ቦታ የጋራ ነው። ድምፁ በዚያ የሚዞር ከሆነ ለበር ከማውጣትሽ በፊት ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው አስደርሺ። ከማሽኑ እግር ሥርም ወፍራም ጎማ ይግባ።

የሐረር ዘመዶቼ ይህን ሁሉ ድካሜን ሲሰሙ ይስቁብኛል፤ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ጎዳናውን በስፌት መኪና ድምፅ ሞልተውት ማንም ቅር አይለውም። መንገድ ላይ ግን ማን ይተኛል? እኔ ጋ አማቴ ከግድግዳው ወዲያ በቀትር ያርፋሉ። በሩ ከተስተካከለ በኋላ ተነሥተው «ዛሬም መብራት ጠፋ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ኮምፕረሰሩ እየሠራ ነበር።

አንድ የቀረኝ፦ ከብዶ የሚሠራ በር ሦስት ጠንካራ ማጠፊያ ይፈልጋል። ብረት ሠሪው ሁለት ይበቃል ይልሻል፤ እሺ እንዳትዪው።