በጠራራ ፀሐይ ሞተርን በስቱዲዮ ፍላሽ ማንሳት

ወንድሜ፣ ሁለት ባለ 400 ዋት ሰከንድ (የአንድ ብልጭታ ጉልበት መለኪያ ነው) የስቱዲዮ ፍላሾች አሉህ። የጓደኛህን ጥቁር ሞተር ሳይክል ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳ አውጥተህ ስታነሳው ሰማዩ ነጭ ይሆናል፣ ሞተሩ ይጨልማል፣ ፍላሹም የበራ አይመስልም። «ትልቅ ፍላሽ ልግዛ ወይ?» ብለሃል። አትግዛ። ያለህ ይበቃል።

በመጀመሪያ የፀሐይዋን ጉልበት እወቅ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ላይ ለፀሐይዋ የሚስማማው አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ወደ ኤፍ11 ይጠጋል። ሰማዩ ሰማያዊ እንዲወጣልህ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ16 ዝጋ። ፍላሹን አጥፍተህ አንድ አንሳ። ሰማዩ ካማረህ ያን ጊዜ ፍላሹን አብራ። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ አይሄዱም። ከዚያ ካለፍክ ከፎቶው ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ይመጣብሃል።

ፍላሹን ደግሞ አስጠጋው። ከአራት ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብታመጣው ሞተሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ፍላሹን በባለ 800 ብትቀይረው ግን የምታገኘው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ፍላሹ የቆመበት ስታንድ ፎቶው ውስጥ ከገባብህ ካሜራውን ትሪፖድ ላይ እሰርና አንዱን ፎቶ ከነስታንዱ፣ ሌላውን ያለ ስታንድ አንሳ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ታዋህዳቸዋለህ። ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ይረዳል የሚሉህ አሉ። እሱ ፀሐይዋንም ፍላሹንም እኩል ይቀንሳል፤ ጀርባውን ለማደብዘዝ አፐርቸር መክፈት ካልፈለግክ በቀር አያስፈልግህም።

ሰዓቱን ግን ቀይር። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። የታንኩ ላይኛው ክፍል ይነድዳል፣ ከሥሩ ያለው ኢንጂን ጨለማ ውስጥ ይቀራል። እኔ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የምወጣው። ፀሐይዋን ከሞተሩ ጀርባ አደርጋታለሁ። የወንበሩንና የመሪውን ጠርዝ እሷ ታበራልኛለች፣ ፊቱን ፍላሹ ይሠራዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥቁር ሞተር መስታወት ነው። መጀመሪያ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሳነሳ ብርሃኑን በትክክል ለክቼ ነበር። ቤት ገብቼ ፎቶውን ሳሰፋው ታንኩ ላይ ቢጫ ጃኬቴ፣ የስታንዱ እግርና አንዲት የምታቃጥል ነጭ ነጥብ አየሁ። ፍላሹን ቀጥታ ወደ ሞተሩ አዙሬው ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሜትር አቡጀዲ ይዤ ነው የምወጣው። በሁለት ስታንዶች መካከል ወጥሬ ከሞተሩ ጎን አቆመዋለሁ፣ ሁለቱንም ፍላሾች ወደ ጨርቁ አዞራለሁ። ታንኩ ላይ የሚታየው ያ ጨርቅ ነው፦ የብረቱን ቅርጽ ተከትሎ የሚሄድ ረጅም ለስላሳ ነጭ መስመር። ጨርቁ ብዙ ብርሃን ይበላል፤ ፀሐይዋ የደከመችበትን ሰዓት የምወደውም ለዚህ ነው። ማርሚታው ኒኬል ከሆነ ከሥሩ መሬት ላይ ነጭ ካርቶን አንጥፍለት። ፖላራይዘር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ሌላ ፊልተር) የቀለሙን ነጸብራቅ ይቀንስልሃል፣ ቀለም የሌለበትን ብረት ነጸብራቅ ግን አይነካውም። እኔ ያ ነጭ መስመር እንዳይጠፋብኝ አልጠቀምበትም። ልብስህም ጥቁር ይሁን።

ነፋሱን አትናቀው። ሶፍትቦክስ (ፍላሹ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ሜዳ ላይ ነፋስ እንደሚገፋው ሸራ ነው። አንድ ቀን ስታንዱን ሳላስር ዞር አልኩ፣ በአንድ ሽውታ ወደቀና የፍላሹ አምፖል ተሰበረ። ያን ቀን ሥራው እዚያው ቆመ። አሁን እያንዳንዱ ስታንድ ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ አንጠለጥላለሁ። ጨርቁን ደግሞ ሰው እንዲይዝልኝ አደርጋለሁ።

መብራት ከሌለ ትንሽ ጀነሬተር ወይም ከመኪና ባትሪ ጋር ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር) ይሠራል። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ ቤት መብራት ለስላሳ የኤሌክትሪክ ሞገድ) የሚሰጥ ይሁን፤ ርካሹ ፍላሹን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

ሞተሩንም እዚያው ደርሰህ ጥረገው። ቤት ታጥቦ ቢወጣም መንገድ ላይ አቧራ ይለብሳል፣ ከጎን የሚመጣ ፍላሽ ደግሞ እያንዳንዷን ብናኝ ያሳያል። እኔ ሁለት ደረቅ ጨርቅ እይዛለሁ፣ አንዱን ለታንኩ፣ አንዱን ለቸርኬው።