ፔዳሉን ስረግጠው ድምፄ ይጠፋል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ ጅማ፣ መንደራ ነኝ። ሠርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ። «ፈዝ ፌስ» የሚባለውን የጊታር ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል ንድፉን አይቼ በሁለት ቢሲ547 ትራንዚስተር (ድምፅ አጉሊ) ሠራሁት። ቮልዩሙን ከአሮጌ ሬዲዮ ነቅዬ ነው ያስገባሁት። ይሠራል፤ ግን ስረግጠው ድምፁ ከፍ በማለት ፈንታ ይወርዳል፣ ይቀጥናል። ቤዝ የሚባል የለውም። ኪቦርዱ ጨርሶ ይውጠኛል። ጓደኞቼ «ትራንዚስተሩ ደካማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጣ» ይሉኛል። ባትሪም ቶሎ ይጨርሳል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለትራንዚስተር ብለህ አዲስ አበባ ድረስ ሰው አታስቸግር፣ ልጄ። ቢሲ547 ለዚህ ሥራ አያንስም። እኔ የምጠረጥረው ያንን የሬዲዮ ቮልዩም ነው።

ገልብጠህ ጀርባውን እየው። «10ኬ»፣ ማለትም 10 ኪሎ ኦም ይላል? ንድፉ የሚፈልገው 500 ኪሎ ኦም ነው። ከቮልዩሙ በፊት ደግሞ 103 የተጻፈበት ካፓሲተር አለ፣ 0.01 ማይክሮፋራድ። ሁለቱ አንድ ላይ እንደ ወንፊት ናቸው። ቮልዩሙ 500 ሲሆን ከ32 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ድምፅ ያልፋል። 10 ሲሆን ግን ከ1,600 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ እየተዳከመ ይሄዳል። የጊታርህ ወፍራም ክር ባዶውን ሲመታ 82 ኸርዝ ነው፤ ቀጭኑ እንኳ 330። እንግዲህ ምን ተረፈህ? ጫጫታው ብቻ! ትራንዚስተሩ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ቤዙን ለይቶ አይበላብህም ነበር።

500 ካገኘህ ቀይረው። የኤሌክትሪክ ጊታር ቮልዩምም ብዙ ጊዜ 250 ወይም 500 ስለሆነ የተሰበረ ጊታር ያለው ሰው ጠይቅ። ካጣህ ደግሞ ቮልዩሙን ተወውና ካፓሲተሩን ቀይር። 1 ማይክሮፋራድ አድርገው። ቮልዩሙን ከነቀልክበት ሬዲዮ ውስጥ ሳይገኝ አይቀርም። ፕላስና ማይነስ ያለው ዓይነት ከሆነ ፕላሱ ወደ ትራንዚስተሩ፣ ማይነሱ ወደ ቮልዩሙ ይዙር። ቤዙ ይመለስልሃል።

ከዚያም በኋላ ኪቦርዱ ከበለጠህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። መውጫው ላይ 470 ኦም ሬዚስተር አለ፦ የቀለም ቀለበቶቹ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ። ከ8.2 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ጋር ተያይዞ ከተፈጠረው ድምፅ 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚያወጣልህ። በ1 ኪሎ ኦም ተካው፦ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ። የሚወጣው ወደ እጥፍ ይጠጋል። እኔ ለሰው ስሠራ ከመጀመሪያውም 1 ኪሎ ነው የማስገባው። ንድፉን እንደ ዳዊት የሚደግሙ ልጆች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡ።

አንድ ነገር ግን አረጋግጥ። ንድፉ የተሣለው 2ኤን3904 ለሚባለው ትራንዚስተር ከሆነ እግሮቹ ከቢሲ547 ጋር ግራና ቀኝ ተገላቢጦሽ ናቸው። የቢሲ547ን ጠፍጣፋ ፊት ወደ አንተ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገህ ያዘው። የእግሮቹ ስም ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ (የድምፁ ቤዝ አይደለም)፣ ኤሚተር ነው። የተገለበጠ ትራንዚስተር ጭራሽ አይሞትም፣ ግን አቅም የለውም። የሁለተኛውን ትራንዚስተር ኮሌክተር በመልቲሜትር ለካው። 4.5 ቮልት አካባቢ ካነበበ በጄ። 1 ወይም 8 ካለህ መጀመሪያ እግሮቹን ተመልከት።

ባትሪህን በተመለከተ፣ ይህ ፔዳል የሚጠጣው 1 ሚሊአምፕር ገደማ ነው። ቶሎ የሚያልቀው ምናልባት ከሠርግ መልስ የጊታሩን ገመድ መግቢያው ላይ ሰክተህ እያሳደርከው ይሆናል። በብዙ ንድፍ ማብሪያ ማጥፊያው ያ መግቢያ (ጃክ) ራሱ ነው፤ በእግርህ ብታጠፋውም ባትሪው መሥራቱን አያቆምም። ስትጨርስ ገመዱን ንቀል።