ለቬርዬ ኔፕቱንን በወረቀት ነው ያገኘው?

ሰላም ወንድሜ፣ «ለቬርዬ ኔፕቱንን ያገኘው በቴሌስኮፕ ሳይሆን በስሌት ነው የሚባለው እውነት ነው? ሰውየውስ ማን ነበር?» ላልከው፣ አዎ፣ እውነት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኡርባን ለቬርዬ በ1811 ኖርማንዲ ውስጥ ተወለደ። መጀመሪያ የኬሚስትሪ ሰው ነበር። በ1837 ፓሪስ፣ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ውስጥ አስትሮኖሚ የማስተማር ቦታ ሲያገኝ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ።

ያኔ ኡራኑስ በተሰላለት መንገድ አልሄድ ብሎ አስትሮኖመሮቹን ግራ አጋብቷል። ለቬርዬ ያልታየ ሌላ ፕላኔት እየሳበው ነው ብሎ ጠረጠረ፤ የት መገኘት እንዳለበትም አሰላ። አገሩ ውስጥ ተነስቶ የሚፈልግለት ሲያጣ በርሊን ላለው አስትሮኖመር ዮሃን ጋለ ጻፈ። ደብዳቤው ሴፕቴምበር 23፣ 1846 ደረሰ። ጋለ በዚያው ሌሊት በቴሌስኮፑ የሚያየውን ኮከብ አንድ በአንድ ሲናገር፣ ተማሪው ዳሬ ከካርታው ጋር ያመሳክር ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ካርታው ላይ የሌለች ነጥብ ተገኘች፤ ኔፕቱን ነበረች። ከተባለው ቦታ የራቀችው ከ1 ዲግሪ ባነሰ ነው! እንግሊዛዊው ጆን አዳምስም ተመሳሳይ ስሌት ሠርቶ ስለነበር፣ «የማን ነው?» የሚል ጭቅጭቅ አልቀረም።

የለቬርዬ ጠባይ ግን አይጣል ነው። በ1854 የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ተቋም) ዳይሬክተር ሆነ፤ ሠራተኞቹ ተማርረውበት በ1870 ተነሳ። የተካው ደሎኔ በ1872 ውሃ ውስጥ ሰምጦ ሲሞት ግን መልሰው ሾሙት።

በስሌት ሁሌም አልቀናውም። የሜርኩሪ ምህዋርም ትንሽ እንደሚዛባ በ1859 ደርሶበት፣ እዚያም የተደበቀ ፕላኔት አለ አለ። «ቩልካን» ተብሎ ስም ወጣለት፣ ብዙ ተፈለገ፣ የለም። የመዛባቱን ምክንያት በ1915 ያስረዳው አንስታይን ነው።