ለስድስት ወር ጉዞ ሁለት ሰው ምን ይያዝ? ከኮዬ ፈጬ ለተጠየቀው ጥያቄ

እህታችን፣ ሌላውም አባል እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አንቺና ባለቤትሽ ከኮዬ ፈጬ ተነስታችሁ ከጥቅምት እስከ መጋቢት በሕዝብ ትራንስፖርት ልትዞሩ ነው፤ ባሌ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጂንካ፣ ከዚያ ጅማና ቦንጋ፣ በመጨረሻ ሐረርና ድሬዳዋ። ዝርዝርሽ ላይ ባለጎማ ትልልቅ ሻንጣ ሁለት፣ ለእያንዳንዳችሁ አሥር አሥር ቅያሪ፣ ሁለት ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ድንኳን፣ ለየሰዉ አራት ጥንድ ጫማ፣ ጀበና ከነረከቦቱ አለ። ምን ይቀነስ ነው ያልሽው።

ከግማሽ በላይ ይቀነስ። ያሳሳታችሁ ስድስት ወር የሚለው ቁጥር ነው። የልብሱን ብዛት የሚወስነው ከአንዱ አጠባ እስከ ሌላው ያለው ቀን ነው፤ ዓይነቱን የሚወስነው ደግሞ የምትወጡት ዳገትና የምትወርዱት ቆላ ነው። በየአራት ቀኑ ካጠባችሁ ለአንድ ወር የሚበቃው ለስድስት ወርም ይበቃል።

ከፍታውን እንየው። የባሌው ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ፣ የእናንተን ጎረቤት ሰፈር ማለቴ አይደለም፣ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የባሌ ፓርክ መግቢያ የሆነው ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ድሬዳዋ ግን 1,200፣ አርባ ምንጭ 1,300 ገደማ ናቸው። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ከሳነቴ እስከ ድሬዳዋ ከፍታ ብቻውን 18 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል። በበጋ ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ስለዚህ ባሌን መጀመሪያ ማድረጋችሁ ትክክል ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ግቡ። ከባሌ ወርዳችሁ ሻሸመኔ ስትደርሱ የብርዱን ልብስ አስራችሁ ወደ ቤት መልሱት፤ በፖስታ ቤት ወይም በሚመለስ ዘመድ እጅ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገዳችሁ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ከቦንጋ ወደ ሐረር ስትሄዱ ደግሞ አዲስ አበባን ማለፋችሁ ስለማይቀር ቤት ገብታችሁ የለበሳችሁትን ጥላችሁ ሌላ ትይዛላችሁ። ሦስት አጫጭር ጉዞ ነው የምታሰናዱት።

ለአንድ ሰው የሚበቃ ልብስ ይህ ነው፦ አራት ካናቴራ ወይም ሸሚዝ (አንዱ እጅጌ ረጅም)፣ ሁለት ሱሪ፣ አምስት ፓንት፣ አራት ጥንድ ካልሲ ሁለቱ ወፍራም፣ አንድ ፍሊስ ጃኬት፣ አንድ ዝናብና ንፋስ የሚይዝ ስስ ጃኬት፣ አንድ ታይት፣ ኮፍያ። ታይቱ ለወንዱም ነው፤ ባሌ ላይ ከሱሪ ሥር ይገባል፣ ሌላ ቦታ የሌሊት ልብስ ይሆናል። ላንቺ አንድ ሱሪ ቀንሰሽ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ጨምሪ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሐረር ጀጎልም ይሠራልሻል። ነጠላ አንድ ይበቃል። ለራስ መሸፈኛ ነው፣ አውቶቡስ ላይ የፀሐይ መጋረጃ ነው፣ የፔንሲዮኑ አንሶላ ካላማረ ማንጠፊያም ነው።

ጂንስ እቤት ይቅር። አንዱ ብቻውን ከግማሽ ኪሎ ያልፋል፣ ሲረጥብ በእጅ ተጨምቆ አያልቅም፣ ቦንጋ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ በሁለተኛውም ቀን ወገቡና ኪሱ አይደርቅም። እርጥቡን አጥፋችሁ ሻንጣ ስትከቱት ሌላውን ልብስ ሁሉ መጥፎ ሽታ ያስይዘዋል። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ስስ ሱሪ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይለበሳል። ከቦንዳ ስትገዙ ወታደር የሚመስል ዥንጉርጉር ጃኬትና ሱሪ አታንሱ፤ ኬላ ላይ የማይፈለግ ጥያቄ ያመጣል።

ጋቢውን በተመለከተ፣ ባሌ ላይ ከጋቢ የሚሻል የለም የሚል ብዙ ሰው አለ። ለቤት እውነት ነው። ለመንገድ ግን ግማሽ ሻንጣ ይይዛል፣ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት አይደርቅም። ፍሊስ፣ በላዩ ስሱ ጃኬት፣ ከሥር ታይት ሆኖ አልበቃ ካለ የሚተጣጠፍ ላባ ጃኬት ከቦንዳ ፈልጉ፤ ተጠቅልሎ ከአንድ ሊትር ሀይላንድ ብዙ አይበልጥም። የግድ ጋቢ ካላችሁ አንድ ለሁለት፣ ከሻሸመኔም ከብርዱ ልብስ ጋር ይመለስ።

አሁን ባልና ሚስት ስለመሆናችሁ። ብዙ ጥንድ ሁለት ሙሉ ሻንጣ ያዘጋጃል፤ ሳሙና ሁለት፣ የጥርስ ሳሙና ሁለት፣ ቻርጀር ሁለት፣ መቀስ ሁለት። የጋራውን አንድ ጊዜ ብቻ ያዙና ክብደቱን አከፋፍሉት። ልብሱን ደግሞ አቀላቅሉት፤ ከሱ ሻንጣ ውስጥ ያንቺ አንድ ሙሉ ቅያሪ ይኑር፣ ካንቺም ውስጥ የሱ። አንዱ ሻንጣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሸራው ሥር ውሃ ቢገባበት ወይም በሌላ መኪና ቢሄድ ማናችሁም በለበሳችሁት ብቻ አትቀሩም። ገንዘቡና የመታወቂያው ኮፒም እንዲሁ ይከፈል። መድኃኒት ግን አይከፈል፤ ሁሉም እጅ ላይ በሚያዘው ትንሽ ቦርሳ ይግባ።

የጎማ ሻንጣ ለኤርፖርት ነው። ኮብልስቶን ላይ ጎማው ይሰበራል፣ ኮረኮንች ላይ አይጎተትም፣ ፖርቶመጋላ ላይ ደግሞ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ለየሰዉ 45 ሊትር የጀርባ ሻንጣ፣ ከፊት የሚንጠለጠል 15 ሊትር ትንሽ ቦርሳ በቂ ነው። ስትገዙ ቀለሙን ትታችሁ ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተሰፋበትን ቦታ እዩ። በጣታችሁ ስትለጥጡት ክሩ ከታየ በየሰፈሩ ላለ ጫማ ሰፊ ሰጥታችሁ በናይለን ክር አስደግሙት። ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ጥርሱ አይደለም፤ የሚጎትተው ብረት ሰፍቷል። ሁለቱን ጎኑን በፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ ይይዛል። አጥብቃችሁ ከጫናችሁ ግን ብረቱ ይሰበራል። ጥርሱ ላይ አልፎ አልፎ ሻማ አሹበት፤ የጂንካ አቧራ ዚፕ ይበላል።

አውቶቡስ ላይ ሻንጣው እንዲሁ አይወጣም። ውስጡን መጀመሪያ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት አልብሱት፣ ልብሱ እዚያ ውስጥ ይግባ። ከውጭ ትልቁን፣ የመቶ ኪሎውን ማዳበሪያ አልብሱት። ማንገቻዎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፉ፤ ሻንጣ የሚቀደደው በአብዛኛው ከላይ ሲወርድ ረዳቱ ማንገቻውን ይዞ ስለሚጎትት ነው። አፉን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ በሲባጎና በጆንያ መርፌ ስፉት። በቋጠሮ ብቻ የታሰረ ማዳበሪያ መንገድ ላይ ይላላል። ሁለቱ ጎን ላይ ስልክ ቁጥርና የምትወርዱበትን ከተማ በማርከር ጻፉ። ማዳበሪያ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማንም ውስጡ ካሜራ አለ ብሎ አያስብም። ናፍጣ፣ ዘይትና የዶሮ ኩስም ልብሳችሁ ጋ አይደርስም። ስትደርሱ አራግፋችሁ አጥፉት፣ መርፌውና ሲባጎው ትንሹ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ጫማ ሁለት ጥንድ፦ አንድ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ አንድ ሳንዳል። ነጠላ ጫማ ለሻወር ከፈለጋችሁ ሁለታችሁም የምታደርጉት አንድ ጥንድ ይበቃል። የቦንዳ ቦት ጫማ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ለብዙ ዓመት መጋዘን የቆየ ፎም መሰል ሶል ከላይ አዲስ ይመስላል፣ እርጥበት ውስጡን ስለበላው ግን ከጥቂት ቀን እርምጃ በኋላ እየተፈረፈረ ይወድቃል። ጫማውን አጥፋችሁ ሶሉ ላይ ስንጥቅ እዩ፣ በጥፍር ጫን በሉት፤ ዱቄት ካወጣ ተዉት። ደህናውንም ቢሆን በማስቲሽ ብቻ አትመኑ፣ ዙሪያውን አሰፉት። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት እዚያው ኮዬ ፈጬ ለብሳችሁት ተመላለሱ።

ብርድ ልብሱን ተዉና አንሶላ ያዙ። ድርብ አንሶላ ታጥፎ ጎኑና እግሩ ተሰፍቶ እንደ ከረጢት ሲሆን ቁንጫን በመጠኑ ይከላከላል፤ ትኋንን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፣ ለሱ ፍራሹን ገልብጦ ስፌቱን ማየት ነው ያለው። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ ስላለ የሁለት ሰው አጎበር አንድ ያዙ፤ አራት ምስማርና ስምንት ሜትር ሲባጎ አብሮ ይሂድ፣ ክፍሉ ማንጠልጠያ ላይኖረው ይችላል። አጎበሩን በኃይለኛ ሳሙና አትጠቡ፣ ፀሐይ ላይም አታስጡ፤ መድኃኒቱ ይጠፋል። የወባ መከላከያ ክኒን ስለመውሰድ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፣ በተለይ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ። ድንኳኑ ይቅር። ለባሌ ጥቂት ሌሊት ብሎ ስድስት ወር መሸከም አያዋጣም።

አጠባውን ከፈረቃ ውሃ ጋር ለኖረ የኮዬ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፣ ግማሽ ባልዲ ይበቃል። የማድረቂያው ዘዴ ግን ይጠቅማል፦ የታጠበውን ጨምቃችሁ በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጉት፣ አንድ ላይ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉትና በጉልበት ተጫኑት። ፎጣው ውሃውን ይወስዳል፣ ካናቴራ ሌሊቱን ይደርቃል። የልብስ ማስጫው ገመድ ሁለት ክር የተገመደ ይሁን፤ የልብሱን ጫፍ በግምዱ መሃል ስታሾልኩት ያለ መቆንጠጫ ይይዛል።

የቀረው ቀላል ነው። ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ ስድስት ከረጢት፣ የቁስል ፕላስተር፣ የሐኪም መድኃኒት ካላችሁ ከነማዘዣው። ሞዴስ የወር ብቻ ያዢ፣ ከተማ ሁሉ አለ። ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያውን ክሎሪን) ከያዛችሁ አንዱ ክዳን ለ20 ሊትር ጄሪካን ነው፣ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ሀይላንድ ውስጥ በግምት አትጨምሩት። 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ አንድ፣ ሁለት መውጫ ያለው ቻርጀር አንድ፣ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ሁለት። የራስ ባትሪው ለየሰዉ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ ሌላው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ከተመለሳችሁ ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አኑሩ፣ የሚጠይቅ ፔንሲዮን አይጠፋም። ለመንገድ በሶ አንድ ኪሎና ቆሎ፤ በጾም ቀን ምግብ ቤት ፍለጋ አያስሮጥም።

ጀበናውን ተዉት። ሸክላ ነው፣ ከሻሸመኔ አያልፍም። ቡና ደግሞ ከፋ ድረስ ሄዶ ያጣ ሰው የለም።

ሲያልቅ ሱቅ ሚዛን ላይ አውጡት። ከነማዳበሪያው ከ10 ኪሎ በላይ ከሆነ አሁንም የሚወጣ ነገር አለ። ሌላው ፈተና የኮንዶሚኒየማችሁ ደረጃ ነው፤ ሻንጣውን ተሸክማችሁ አራተኛ ፎቅ ሳታርፉ ውጡ። ማዳበሪያውን የምትሰፉት ቃሊቲ መናኸሪያ ደርሳችሁ ነው እንጂ እቤት አይደለም፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በሚኒባስ ታክሲ ስትሄዱ ጭን ላይ ያልተቀመጠ ዕቃ የአንድ ሰው ሒሳብ ያስከፍላል። 45 ሊትሩ ጭን ላይ ይቀመጣል።